የአንዲት ሰይቼንቶ ጥገና፦ የድሮ መካኒክ ሥራ የቱ ይፈርሳል፣ የቱ ይቆያል?

ጉዳዩ የአንዲት ፊያት 600ዲ፣ እኛ ሰይቼንቶ የምንላት ትንሽ መኪና፣ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተሠራች፣ ባለ 767 ሲሲ ሞተር፣ በሮቿ በማጠፊያ ከኋላ የተያዙ፣ አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ በታክሲነት ቀጥሎ በቤት መኪናነት ያገለገለች። አጎቴ ከታክሲ ሥራ ስትወጣ ገዝቶ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሲያመላልስባት ኖረ። ከዚያ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ብዙ ክረምት አለፈባት። ሊብሬዋ አለ፣ ሰሌዳዋ አለ፣ ሞተሯ ግን ተነክሶ አልዞርም ብሏል።

ሥራው ሲታሰብ የቤተሰቡ ክርክር “እንደ ድሮዋ ትሁን” እና “ብቻ ትሂድ” በሚሉ ሁለት ወገኖች መካከል ነበር። መኪናዋ ስትፈታታ ሁለቱም አልሠሩም። እንደ ድሮዋ ለማድረግ የትኛው ድሮ? ከፋብሪካ የወጣችበት ነው ወይስ ታክሲ የነበረችበት? በየዘመኑ እጁ የገባች መካኒክ ሁሉ የየራሱን መላ መትቶባታል፤ ግማሹ መላ ብልሃት ነው፣ ግማሹ ደግሞ አደጋ። ስለዚህ ሥራችን በአብዛኛው ክፍል ከመለወጥ ይልቅ ቀድሞ የተሠራውን እያንዳንዱን ጥገና አንብቦ፣ ለምን እንደተደረገ ገምቶ፣ መፍረስ ወይም መቆየት እንዳለበት መፍረድ ሆነ። እኔ የገንዘቡንና የመለዋወጫውን ጉዳይ ይዤ ነበር፤ የእጅ ሥራው በአንድ ሽማግሌ መካኒክና በረዳቶቻቸው የተሠራ ነው።

ለማያውቃት አንባቢ፦ ፊያት 600ን ኩባንያው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1955 ጄኔቫ ላይ አሳየ። ንድፉ የዳንቴ ጃኮዛ ነው። ርዝመቷ 3.2 ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ 600 ኪሎ አካባቢ፣ ሞተሯ ከኋላ፣ ማቀዝቀዣዋ ውሃ። የመጀመሪያዋ ሞተር 633 ሲሲ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960 600ዲ ስትመጣ ወደ 767 ሲሲ አደገ። በሮቹ ከፊት እንዲታጠፉ የተደረገው በ1964 ነው፣ የኛዋ በአንድ ዓመት አምልጧታል። ጣሊያን ውስጥ ምርቱ በ1969 ቆመ። ለኛ ትልቁ ነገር ግን ከጣሊያን ውጪ የሆነው ነው። ስፔን ውስጥ ሴአት እስከ 1973 ሠራት፤ ዩጎዝላቪያ ውስጥ ዛስታቫ ክራጉየቫትስ ከተማ ላይ እስከ 1985 ድረስ አመረታት። ሰርቦች “ፊቻ” ይሏታል፣ ዛሬም ይወዷታል፣ ስለዚህም መለዋወጫዋን ዛሬም ይሠራሉ። ይህ ባይሆን ጉዳዩ ገና ሳይጀመር ያልቅ ነበር።

እኛ ዘንድ ስሟ ሰይቼንቶ ነው። በንጉሡ ጊዜ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በስሙኒ ሰው ስታመላልስ የነበረችው ትንሿ ታክሲ ይህችው ናት። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ቤንዚን ሲወደድ ሥራ አቁመው አብዮቱን ካቀጣጠሉት ባለታክሲዎች መካከል ሰይቼንቶ የሚነዱ ነበሩበት። አሁን ከተማው ውስጥ የምትንቀሳቀስ ማየት ብርቅ ነው። ሌላ ገዝቶ ማስገባትም የማይታሰብ ሆኗል፦ የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። ያለችው ያለችው ናት።

ምርመራው በማግኔት ተጀመረ። ሽማግሌው ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው ገላዋን ዙሪያ አስኬዱት። የማይዝበት ቦታ ሁሉ ስቱኮ ነው። ከበሮቹ በታች ያለው ደፍ በግራም በቀኝም አይዝም። የኋላ ጎማ ቅስቱ አይዝም። ፊት ያለው የባትሪ ማስቀመጫ ላይ ማግኔት አላስፈለገም፣ አሲድ በልቶት መሬቱ በቀዳዳው ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ሰይቼንቶ ሻንሲ የላትም፤ ገላዋ ራሱ ነው ሸክሙን የሚችለው። ደፉ የበሰበሰ ከሆነ መኪናዋ መሐል ላይ ትታጠፋለች፣ በሮቹም አይገጥሙም። ወለሉን ስንገልጥ የመጀመሪያውን ትልቅ ጥገና አገኘን፦ የዛገው ወለል ሳይነሳ፣ እጥፍ የወፈረ ላሜራ ከላይ ተደርቦ በሪቬት ተመቷል። በዘመኑ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ታክሲ ቆሞ አያበላም፣ በአንድ ቀን ተሠርቶ በማግስቱ መውጣት ነበረበት። ችግሩ በሁለቱ ላሜራዎች መካከል የገባ ውሃ መውጫ የለውም፣ ከውስጥ ይበላል። ይህ ያለ ክርክር ፈረሰ። የበሰበሰው ተቆርጦ፣ በቀጭን ላሜራ እንደ ድሮው ቅርጽ እየተመታ፣ ደፉ ከውስጥ ማጠናከሪያው ጋር ተበየደ። ከሥራው ሁሉ ብዙውን ገንዘብና ብዙውን ጊዜ የበላው ይህ ነው፤ ሞተር አይደለም። ሰው ስለ ሞተር ይጠይቀኛል፣ እኔ ስለ ደፍ እመልሳለሁ።

ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የቤንዚን ጋኑ ወጥቶ ከጋራዡ ውጪ ተቀመጠ። በዚህች መኪና ጋኑ፣ ባትሪውና መለዋወጫ ጎማው ሁሉም ፊት ኮፋኖ ሥር ናቸው፤ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ፊት መበየድ አያሰጋም ብሎ የሚያስብ ሰው ቤንዚን ላይ ነው የሚበይደው።

የፊት ቀኝ ፓራፋንጎ ላይ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። ከፋብሪካው እንዳልሆነ ያስታውቃል፣ ከውስጥ በኩል የመዶሻ ምት ይታያል፤ አንድ የድሮ ቀጥቃጭ ከሜዳ ላሜራ መትቶ ያወጣው ነው። ኩርባው ከግራው ጋር በዓይን አይለይም። ልጆቹ ከውጪ አዲስ ይምጣ አሉ። ሽማግሌው እጃቸውን አሳልፈውበት “ይሄን ሰው አላውቀውም እንጂ ባውቀው ቡና እጋብዘው ነበር” አሉ። ቆየ።

ሞተሩ ሲፈታ ታሪኩ ሲሊንደሩ ላይ ተጽፎ ተገኘ። የ600ዲ ሲሊንደር ከፋብሪካ ሲወጣ ስፋቱ 62 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 63.5 ሚሊሜትር ነው። የኛ ደጋግሞ ሪቦር ስለተደረገ፣ ማለትም ግድግዳው እየተፋቀ ስለሰፋ፣ ከመጨረሻው ትርፍ ልክ ላይ ደርሷል፤ ከዚህ በላይ ቢሰፋ ግድግዳው ይሳሳል፣ የሚሆን ፒስተንም አይገኝም። ሁለት መንገድ ነበር። ሌላ ብሎክ መፈለግ፣ ወይም ሊነር የሚባል የብረት እጅጌ አስገብቶ ወደ 62 ሚሊሜትር መመለስ። ሶማሌ ተራ ብሎክ ጠየቅን፣ የተገኘው ከኛው የባሰ ነበር። ሊነሩን መረጥን። ምክንያቱ ብሎኩን ማዳን ብቻ አይደለም፤ ሰርቢያ ውስጥ ዛሬ የሚሠራው ፒስተንና ፋሻ መደበኛ ልኩ 62 ስለሆነ፣ ወደ መነሻው መመለስ ማለት ከዚህ በኋላ መለዋወጫ የሚገኝበት ልክ ላይ መቆም ማለት ነው። ፒስተኑ፣ ፋሻው፣ ብሮንዚናውና ጓርኒሲዮኑ በአንድ ዘመድ ሻንጣ ከሮም መጣ። ከባዱ ዕቃ የውሃ ፖምፓው ነበር፤ አጎቴ ለሻንጣው ባለቤት የከፈለው በርበሬ ነው።

ከሲሊንደሮቹ በላይ የሚከደነው ቴስታታ አሉሚኒየም ነው፣ ተጣሞ ነበር፣ ተላገ። የቫልቮላ መቀመጫዎቹ ከአሉሚኒየሙ ላይ ለብቻ የተተከሉ ጠንካራ ቀለበቶች ስለሆኑ፣ ሊድ የሌለው ቤንዚን ይበላቸዋል የሚለው ስጋት እዚህ ብዙም አያስጨንቅም።

ስለ ዘይት ማጣሪያ አንድ ነገር። ብዙ ሰው ሰይቼንቶ ማጣሪያ የላትም ይላል። 600ዲ ግን አላት፤ የተደበቀው የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍቱ፣ ጫፍ ላይ ባለው ቺንጋ የሚጠመጠምበት መዘውር፣ ፑሌጃው፣ ውስጥ ነው። ፑሌጃው ሲሽከረከር ቆሻሻው በፍጥነቱ ኃይል ወደ ግድግዳው ተወርውሮ ይጣበቃል፣ ንጹሑ ዘይት በመሐል ያልፋል። የሚለወጥ ነገር የለውም፣ ተከፍቶ መጠረግ ብቻ ነው የሚፈልገው። የኛ ሲከፈት ጥቁሩ ጭቃ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ በካቻቢቴ ተፍቆ ነው የወጣው። ለስንት ዓመት እንዳልተከፈተ መገመት አይከብድም፤ ክራንክ ሻፍቱ ለምን እንደተላጠ ደግሞ ከዚሁ ታወቀ።

ከሁሉ የሚያከራክረው የሙቀት ጉዳይ ነበር። ራዲያተሩ ከኋላ ሞተሩ ጎን ነው የተቀመጠው፤ የፊት ነፋስ አያገኘውም፣ በውሃ ፖምፓው ዘንግ በሚዞር ማራገቢያ ነው የሚኖረው። በራዲያተሩ አልፎ የሞቀው አየር የሚወጣበት ላይ አንድ መዝጊያ አለ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይዘጋል፣ ሲሞቅ ተርሞስታቱ ይከፍተዋል። በብርድ ያ ሞቃት አየር በመሐል ዋሻው ወደ ፊት መጥቶ ተሳፋሪውን ያሞቃል። በኛዋ ተርሞስታቱ የለም፣ መዝጊያው በሽቦ ተስቦ ለዘለዓለም ተከፍቷል።

“ጋሼ፣ ይህን ሽቦ ማን ያሰረው ይመስልዎታል?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“እኔ ልሆን እችላለሁ” አሉ። “ያኔ የመጣውን ሁሉ እንዲህ ነበር የምናስረው። ተዘግቶ ከቀረ ሞተር ያነድዳል፣ ክፍት ከቀረ ቢበዛ ይበርድሃል።”

አባባላቸው ልክ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለምትሠራ ታክሲ ይህ ብልህ ውሳኔ ነበር። ዛሬ ግን መኪናዋ ጠዋት ተነስታ አጭር መንገድ ሄዳ ትቆማለች። በአዲስ አበባ ጠዋት መዝጊያው ክፍት ከሆነ ሞተሩ ሳይሞቅ ነው የሚመለሰው፤ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ሲሊንደሩ ያለጊዜው ያልቃል። ይባስ ብሎ ሽቦው ዋናውን በሽታ አልነካውም። ራዲያተሩ ከቧንቧ ውሃ በተጠራቀመ ነጭ ደለል ግማሽ ተደፍኗል። ራዲያተሩን ዙሪያውን የሚያሽገው ላስቲክ ደግሞ ጠፍቷል፤ የወጣው ሞቃት አየር ዞሮ ተመልሶ ይገባል። መዝጊያው ተከፈተ አልተከፈተ ዳገት ላይ መሞቋ የማይቀር ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ከሌላ ቦታ ይከፋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቱሪን ላይ ለተሠራ ሞተር ስምንት ዲግሪ ያህል መጠባበቂያ ተቀንሶበታል ማለት ነው። ስለዚህ ራዲያተሩ ተከፍቶ ተጠረገ፣ ማሸጊያው ከበር ላስቲክ ተቆርጦ ተሠራ፣ ተርሞስታቱ ከሰርቢያ መጣ፣ ሽቦው ተፈታ። ንጹሕ ውሃ ብቻውን ሳይሆን ከኩላንት ጋር ተቀላቅሎ ተሞላ፤ መፍላቱን ያዘገየዋል፣ አሉሚኒየሙንም ከመበላት ያድነዋል። አንድ ነገር ደግሞ ጨመርን፣ ተጨማሪ የሙቀት መለኪያ ሰዓት። ኦሪጂናል ወዳጆች ይቅር ይበሉን።

ካርቡሬተሩ ላይ ፍርዱ ወደ ሌላ ወገን አጋደለ። የድሮው ዌበር ገላው አርጅቶ ስሮትሉ ዙሪያ አየር ይስባል፤ አዲስ ከጣሊያን መጣ። ተገጠመ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ግን ማርሚታው ያጨሳል፣ ካንዴላዎቹ በጥቂት መንገድ ጥላሸት ለበሱ። አዲሱ ለባሕር ጠረፍ አየር የተለካ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ ቤንዚኑ ግን በዚያው መጠን ይወርዳል፤ ድብልቁ ይወፍራል። የድሮውን ካርቡሬተር ስንፈትሸው ዋናው ጂግለር፣ የሚወርደውን ቤንዚን የሚለካው ቀዳዳ፣ ተደፍኖ እንደገና በቀጭኑ ተበስቶ አገኘነው። አንድ ሰው፣ ምናልባት ከአምሳ ዓመት በፊት፣ ይህንኑ ችግር አይቶ በቆርቆሮ ብየዳና በቀጭን መብሻ ፈትቶታል። ያው ጂግለር ወደ አዲሱ ካርቡሬተር ተዛወረ። ካንዴላዎቹ ቡናማ ሆኑ። ከመኪናዋ ላይ የሚጣል መስሎን ለብቻ ካስቀመጥነው ዕቃ ሁሉ ዋጋ ያለው ይህ የጣት ጥፍር የምታህል ናስ ሆነች።

ጉልበቷን በተመለከተ ተስፋችንን በልክ አደረግን። 600ዲ በፋብሪካ ልክ 29 የፈረስ ጉልበት ገደማ አላት። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ በሩብ ያህል ስለሚቀንስ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል፤ የሚቀረው 22 አካባቢ ነው። ይኸውም የመጀመሪያዋ 633 ሲሲ ሰይቼንቶ ባሕር ወለል ላይ የነበራት ነው። አራት ሰው ጭና በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ሁለተኛ ማርሽ የምትለምነው በሽተኛ ስለሆነች አይደለም።

ጎማው ላይ አጋጣሚ ረዳን። የድሮው 5.20-12 የሚባለው ልክ አልተገኘም፣ ለማሩቲ የሚሆነው 145/70 ባለ 12 ኢንች ግን አለ። ከድሮው ቁመቱ ያንሳል። ስፒዶ ሜትሩ ከእውነቱ አብልጦ ያነባል፣ ሞተሩም በአስፋልት ይጮኻል፤ ግን ማርሹ ሁሉ ትንሽ ስለሚያጥር ለዳገት ይበጃታል። እኔ ወድጄዋለሁ። አጎቴ “ጫማዋ ጠቧታል” ይላል።

ፍሬን ላይ ድርድር አልነበረም። አራቱም ታምቡር ናቸው፣ ዘይቱ በአንድ መስመር ነው የሚሄደው፤ አንድ ቦታ ካፈሰሰ ሁሉም ይጠፋል። የኋላ ግራው ቱቦ በፒንሳ ታጥፎ ተቀጥቅጦ ተዘግቶ ነበር። አንድ ጊዜ ሲያፈስ፣ ክፍሉ ሲታጣ፣ በሦስት ጎማ ፍሬን ሥራ ቀጥላለች ማለት ነው። ይህን ያደረገው ሰው የሚያበላው ልጅ ይኖረው ይሆናል፣ አልፈርድበትም፤ ግን ቱቦው በሙሉ፣ ላስቲኮቹ በሙሉ፣ ሸራዎቹ በሙሉ ተለወጡ።

በሮቹስ? ከኋላ የታጠፈ በር እየሄዱ ከተከፈተ ነፋስ ይዞት ይነጥቀዋል። የማጠፊያዎቹ ፒን ተበልቶ በሮቹ ወርደው ነበር፣ ቁልፋቸውም በደንብ አይነክስም። የቀድሞው መፍትሔ ከውስጥ የተበየደ የቤት መቀርቀሪያ ነው። ፒኖቹ ቶርኖ ቤት እንደገና ተሠሩ፣ በሮቹ ተነስተው ገጠሙ፣ መቀርቀሪያዎቹም እንዲወጡ ተስማማን። የሾፌሩ ወጣ። የተሳፋሪውን አጎቴ ከለከለ። ባለቤቱ በዚያ መቀርቀሪያ ላይ እጇን ሳታሳርፍ ተጉዛ አታውቅምና አሁን ብናወጣው አትሳፈርም አለ። አደጋ ቢደርስ በሩን ከውጪ ለመክፈት ያስቸግራል ብለን ተከራከርን። ተሸነፍን።

ዲናሞው ቀድሞ በጃፓን መኪና አልተርኔተር ተተክቷል። ቆየ፤ የከተማ ትራፊክ ውስጥ በዝቅተኛ ዙር ባትሪ የሚሞላው እሱ ነው። ግን የያዘው ብረት ጥቂት ወደ ጎን ስላሰገገው ቺንጋውን ይቆርጥ ነበር፤ በቀለበት ተስተካከለ። በዚህች መኪና ቺንጋ ሲበጠስ ቻርጁ ብቻ አይደለም የሚቆመው፣ የውሃ ፖምፓውና ማራገቢያውም አብረው ይቆማሉ፣ ስለዚህ መለዋወጫ ቺንጋ ከወንበሩ ሥር አይጠፋም።

ቀለሙ ሲላጥ ከግራጫው ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር የታክሲው ሰማያዊና ነጭ ወጣ። ልጆቹ ወደዚያው ትመለስ አሉ። የታክሲ ቀለም ለቤት መኪና ስለማይሆን ክርክሩ አጭር ነበር። ግራጫ ሆነች። በኮፋኖው ውስጠኛ ገጽ ላይ ግን ሰማያዊውን አልነካነውም።

አሁን በየጊዜው የሚደረግላት ይህ ነው። የፊት ጎማዎቹ የሚዞሩባቸው ፒኖች ግራሶ ይወዳሉ፤ ከተረሱ መሪው ይከብዳል፣ ፒኑም ቦኮላውም ያልቃሉ። ፊት ያለው አግድም ባሌስትራ ሞላ ብቻ ሳይሆን የጎማውን የታችኛ ክንድ ሥራም ስለሚሠራ፣ ላስቲኮቹ ሲያረጁ መኪናዋ መንገድ አትይዝም፤ ከቦሎ ምርመራ በፊት ሁልጊዜ እነሱ ይታያሉ። ቫልቮላው በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 ሚሊሜትር ላይ ይስተካከላል። ፑንቲናው ይጸዳል። የፑሌጃው ማጣሪያ ክረምት ሲያልፍ ይከፈታል፤ ይህን የሚያስታውሰው አጎቴ ነው፣ ደብተር ላይ ጽፎታል።

ያልተሠራ አንድ ነገር አለ። ካምቢዮው ውስጥ የሁለተኛ ማርሽ ሲንክሮናይዘር፣ ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያመሳስለው ቀለበት፣ አልቋል፣ ሲወርድ ይንኳኳል። የመጀመሪያው ማርሽ ከነአካቴው ሲንክሮናይዘር ኖሮት አያውቅም፣ ስለዚህ አጎቴ ፍሪሲዮን ሁለቴ ረግጦ መሐል ላይ ነዳጅ መስጠት ከወጣትነቱ ጀምሮ ለምዶታል፤ ሁለተኛውንም በዚያው መንገድ ያስገባዋል። ካምቢዮውን ለማውረድ ሞተሩ እንደገና መውረድ አለበት። ቀለበቱ ከሰርቢያ ታዟል፣ ሻንጣ ያለው ተጓዥ እየተጠበቀ ነው።